ሠንጠረዥ ሦስት

ባለፈው ዓመት ነው መልሱ የመጣልን፤
«ጎርፉን አልካድነውም፤ ማስረጃው ጎደለን።»
በጨዋ ቋንቋ ነው፣ ማኅተም አርፎበታል፤
ወረቀቱ ወፍራም፣ ደብተር ይለበድበታል።

መገጭ ደብዳቤ አያውቅ፤ በክረምት ተነሥቶ
ጤፉን ከነአፈሩ ሄደ ተጎንጭቶ።
ማስተዋል ደጃፏን በድንጋይ ከለለች፤
ድንጋዩም ሄደና እሷ ብቻ ቀረች።

ይህን እኛ አይተናል።
ማየት ግን ዓምድ የለው፤
«ምንጭ» በሚለው ሣጥን
ዓይን አይጻፍበት።

አሁን ሥልጠና ላይ፣ አዘዞ አዳራሽ፣
ግማሹ መሐንዲስ፣ ሁሉም ግን ልጅ ያራሽ።
አሠልጣኟ አዜብ መብራቱን አጥፍታ
ቅጹን አበራችው በግድግዳው ፈንታ።
«መነሻ» አለችን፣ «ተጋላጭ» አለችን፣
ቀስቶችን ደርድራ «አመክንዮ» አለችን።
«ገንዘቡስ አለ፤» አለች፤ «በሩ ግን ጠባብ ነው፤
የሚገባበትም ሒሳብ የያዘ ነው።
ዓለሙን ያሞቀው እናንተ አይደላችሁም፤
ላልቆጠረ አበዳሪ ባለ ዕዳ አይከፍልም።»

ቀይ ነጥብ አረፈች ሠንጠረዥ ሦስት ላይ፤
«የሠላሳ ዓመት ዝናብ፣ ወር በወር ይታይ።»
አዳራሹ ጸጥ አለ።
አንዱ ሳለ፤ አንዱ ሣቀ።
እኔ ማክሰኝትን አሰብሁ።

ማክሰኝት አንድ ሰው አለ፣ ስሙ ሙጨ አስረስ፤
በሽቦ አጥሩ ይገባል ሦስት ሰዓት ሲደርስ።
የቆርቆሮውን ውኃ በብርጭቆ ይለካል፤
ደሞዙ ለሳሙና አንዳንዴ ይበቃል።
ከአልጋው ሥር ጎተተው፣ በማዳበሪያ ጆንያ፣
ደብተር በደብተር ላይ፤ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል።

«ሐምሌ ዐሥራ ሁለት። ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር። ድልድዩ ሄደ።
ነሐሴ ሦስት። ዜሮ። ነሐሴ አራት። ዜሮ።
መስከረም ስድስት። አራት ነጥብ ሁለት። እናቴ ተቀበረች።»

ሁለት ሌሊት ቀዳሁ፤ በሦስተኛው ቆምሁ፤
ሰኔ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ባዶ ሆኖ አገኘሁ።
«ጋሸ ሙጨ፣ ይኼስ?»
ሣቅ አፈነውና፣ ዓይኑን ጨፈነና፣
«ቆርቆሮውን ወስደው፣ ሰርግ ነበረና፣
ጠላ ሲሰፍሩበት ከረሙ ሰዎቹ፤
ሰማዩም በከንቱ ፈሰሰ በደጁ!»

«ግድ የለም፤» አልኩት፤ «ከአምናው አይተን እንሙላው፤
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ለሠላሳ ዓመት ምን አለው?»

ሣቁ ቆመ።

«ያልለካሁትንማ አልፈርምበትም፤
ዝናብ ምስክር ነው፤ በጉቦ አይናገርም።
አንዷን ቀን ከዋሸህ፣ የቀሩት ዕለታት፣
እናቴን የቀበርሁባትም፣ አብራ ሐሰት ናት።»

ለአዜብ ብነግራት ደስታዋ ደነቀኝ፤
«ሰረዝ አድርግና ግርጌው ላይ ጻፍ» አለችኝ።
ስለዚህ ከሠንጠረዥ ሦስት በታች፣ በትንንሽ ፊደል፦
«መለኪያው ለሰርግ በመወሰዱ መረጃ የለም።»
ምናልባት ሩቅ አገር አንድ ሰው ያነበዋል፤
ሙሽራይቱ ማን ናት፣ ብሎ ይጠይቃል።

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ፣
«ተልኳል» የሚል ቃል መጣ አመሻሽቶ።
መልስ እስካሁን የለም።
መገጭ ቀለሙ ተለውጧል።
ማስተዋል ድንጋይ ትለቅማለች፤ የዘንድሮው ያነሰ ነው፣ ትልቁ አልቋል።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ለእኔ ሰጠኝ።
አየሁት ከላይ፣ ቆሜ።
«ስምንት» አልኩ።
«ቆመህ አታንብ፤ ውኃ ለቆመ ሰው ልኩን አይነግርም።
ጎንበስ በል፤ ዓይንህ ከውኃው ይግጠም።»

ጎንበስ አልኩ።
ካፊያው ማጅራቴን ይነካል።

ሰባት ነጥብ አራት።